«ሲያድግ ምን ይሆናል?»፦ የእንስሳትና የልጆቻቸው ጨዋታ በአንድ የሕፃናት ክፍል

ዳራ

ይህ የጉዳይ ጥናት ከአራት እስከ አምስት ዓመት የሚሆናቸው ልጆች በሚማሩበት አንድ የመዋዕለ ሕፃናት ክፍል ያጋጠመንን ነገር ይመዘግባል። የልጆቹ፣ የመምህርቷና የቤተሰቦቻቸው ማንነት እንዳይታወቅ ስምና ቦታ አልተጠቀሰም። የእኔ ድርሻ መምህርቷን በትምህርት ዝግጅት ማገዝና ክፍሉን ተቀምጦ መመልከት ነበር። ጉዳዩ መመዝገብ አለበት ብዬ የማምነው፣ ላዩን ሲያዩት የተሳካ የሚመስል ትምህርት ከሥሩ ምን ያህል ክፍተት ሊሸፍን እንደሚችል አጉልቶ ስላሳየን ነው።

ርእሱ በየትኛውም የሕፃናት ክፍል የሚገኝ ነው። ላም ጥጃ፣ ፍየል ግልገል፣ ውሻ ቡችላ፣ ዶሮ ጫጩት፣ አህያ ውርንጭላ፣ አንበሳ ደቦል አላት። ለትምህርቱ የተዘጋጁት ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው የሥዕል ካርድ ሲሆን፣ ግማሹ ላይ ትልልቆቹ፣ ግማሹ ላይ ልጆቻቸው ተስለውበታል። ሁለተኛው በቅርጫት የተቀመጡ የፕላስቲክ እንስሳት ናቸው። ጨዋታው አጭር ነው፦ አንድ ልጅ የግልገሉን ካርድ ያነሳል፣ ወለሉ ላይ ከተደረደሩት መካከል እናቱን ይፈልጋል፣ ሲያገኝ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ድምፃቸውን ያሰማል።

ልጆቹ ጨዋታውን ወደዱት፤ በጥቂት ቀናትም ተካኑበት። አብዛኞቹ ካርዶቹን ያለ ስህተት ያጣምራሉ። ስማቸውንም ይጠራሉ። በመምህርቷ የክትትል መዝገብ ላይ ርእሱ «ተጠናቋል» ተብሎ ሊሞላ የቀረው ትንሽ ነበር።

ችግሩ እንዴት ታወቀ

ነገሩ የወጣው ዕቃ በሚሰበሰብበት ሰዓት ነው። አንዲት ልጅ የፕላስቲኩን ፈረስ ምንጣፉ ላይ አስተኝታ፣ አህያውን ከሆዱ ሥር አስጠግታ፣ በመሐረብ አለበሰቻቸው። መምህርቷ ምን እየሠራች እንደሆነ ጠየቀቻት። «ልጇን እያስተኛች ነው» አለች። «የማን ልጅ ነው?» «የፈረሷ። ትንሽ ስለሆነ ነው እንጂ ሲያድግ ፈረስ ይሆናል።»

ይህች ልጅ ካርዶቹን ከሁሉም ፈጥነው ከሚያጣምሩት አንዷ ነበረች። የአህያን ውርንጭላ ከአህያ፣ የፈረስን ውርንጭላ ከፈረስ ጋር ስታስቀምጥ ሁላችንም አይተናታል። ታዲያ እንዴት ሆኖ?

መምህርቷ መልሷን አላረመችም። ይህ እስካሁን የማደንቅላት ውሳኔ ነው። «አይደለም፣ ይህ አህያ ነው» ብትላት ኖሮ ልጅቷ አንድ ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ይዛ ትሄድ ነበር፤ እኛም የቀሩት ልጆች ምን እንደሚያስቡ ሳናውቅ እንቀር ነበር። መምህርቷ ግን ከቅርጫቱ እንስሳ እያወጣች ልጆቹን አንድ በአንድ በጨዋታ መካከል ጠየቀቻቸው፦ ይህን ማን ወለደው? ሲያድግ ምን ይሆናል? ማን ያሳድገዋል?

መልሶቹ አስገራሚ ነበሩ። ድመት የአንበሳ ልጅ ሆነች። እርግብ አድጋ ዶሮ የምትሆን ጫጩት ሆነች። አይጥ ጥንቸል ሊሆን ነው። አባጨጓሬ የእባብ ልጅ ነው ያሉ ነበሩ። አንድ ልጅ ደግሞ «ግልገሉ ካደገ በኋላ እናቲቱ ትንሽ ትሆንና እሱ ይይዛታል» አለ። ይህኛው ብቻውን የቀረ መልስ ነው፤ ሌሎቹ እንስሳ በዕድሜ እየተለቀ እንጂ እያነሰ እንደማይሄድ ያውቁ ነበር። በሌላው ግን አብዛኞቹ የሚጋሩት አንድ ሐሳብ ነበር፦ የሚመሳሰሉ ሁለት እንስሳት ካሉ ትልቁ ወላጅ፣ ትንሹ ልጅ ነው።

ስህተቱ ከየት መጣ

ልጆቹን ወደዚህ ሐሳብ የመራቸው የራሳችን መጫወቻ ነው። ካርዱ ላይ ያለው ውርንጭላ የአህያዋ ሥዕል ተቀንሶ የተሠራ ነበር፤ ጆሮው፣ ቀለሙ፣ አቋሙ ያው ነው። ስለዚህ ካርዱን ለማጣመር ስለ ወላጅና ልጅ አንዳች ነገር ማወቅ አያስፈልግም። ዓይን ይበቃል። ሁለት ተመሳሳይ ጫማ ከክምር መርጦ የሚያወጣ ልጅ ያንን ጨዋታ ያሸንፋል። የፕላስቲኮቹ ነገር ደግሞ የባሰ ነው፤ ዶሮዋና ላሟ እኩል ናቸው፣ ዝሆኑ ከውሻው በጥቂቱ ብቻ ይበልጣል። ከእንዲህ ዓይነት ቅርጫት ውስጥ አህያን የፈረስ ልጅ ብሎ ማሰብ ቂልነት አይደለም። ልጅቷ ባየችው ነገር ላይ ተመሥርታ በሚገባ አስባለች።

ልጆች ስለ ዝርያ ምንም አያውቁም ማለት ግን አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሱዛን ጌልማንና ሄንሪ ዌልማን እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት ለትናንሽ ልጆች፣ እንደተወለደች ከአሳሞች ጋር ስላደገች ጥጃ ይነግሯቸውና ስታድግ እንደ ላም ትጮህ ወይስ እንደ አሳማ ብለው ይጠይቋቸው ነበር። የአራት ዓመት ልጆች እንኳ በአብዛኛው እንደ ላም ነው የምትጮኸው አሉ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ እንስሳ የተወለደበትን ነገር በውስጡ ይዞ እንደሚያድግ ይገምታል ማለት ነው። በእኛ ክፍል የጎደለው ይህ ግምት አልነበረም። የጎደለው ጊዜ ነው። በካርዶቹ ውስጥ መወለድ የለም፣ ማደግ የለም፣ መመገብ የለም፤ ያለው ትልቅና ትንሽ ብቻ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃ ትንሽነትና ልጅነት አንድ አለመሆናቸውን ልጆቹ በገዛ ሰውነታቸው ለክተው እንዲያዩ ማድረግ ነበር። መምህርቷ ግድግዳው ላይ ከወለል ጀምሮ 1.8 ሜትር ድረስ ሲባጎ ለጠፈች። ልጆቹ በየተራ ከሥሩ እየቆሙ ተለኩ። ከዚያ እሷ ራሷ ቆመች፤ ሲባጎው ከእሷም በለጠ። «ይህ ማን ይመስላችኋል?» ስትል ግምቱ ጎረፈ፦ ግመል፣ ዝሆን፣ አባቴ። የቀጭኔ ልጅ መሆኑን፣ ያውም ከእናቱ ሆድ በወጣበት ቀን ይህን እንደሚያህል ስትነግራቸው ክፍሉ ለአፍታ ዝም አለ። አንዱ «እና ሕፃን ነው?» አለ። ሕፃን ነው። ይጠባል፤ እናቱን ይከተላል። ወዲያው ከጎኑ ከ3 ሴንቲሜትር የማትበልጥ ክር ለጠፈች፤ አዲስ የተወለደ ካንጋሮ ናት። እሱም አድጎ ከመምህርቷ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሊቆም ይችላል።

በዚያ ሳምንት ያ ግድግዳ የክፍሉ መሰብሰቢያ ሆነ። ልጆቹ የሚወስዷቸው ወላጆች ሲመጡ እጃቸውን እየጎተቱ ከሲባጎው ሥር ያቆሟቸው ነበር። አንድ ሙሉ የካርድ ስብስብ ያላደረገውን አንድ ጥቅል ሲባጎ አደረገ፤ ዋጋውን ከውጤቱ ጋር ሳስተያየው አሁንም ይደንቀኛል።

ሁለተኛው እርምጃ ካርዶቹን መቀየር ነበር። እየተቀነሱ የተሠሩት ተነሡና ልጁ ወላጁን በማይመስልባቸው እንስሳት ተተኩ። ጫጩት እንደ እናቷ ያለ ላባ ሳይሆን ለስላሳ ጠጉር መሳይ ነገር ነው የለበሰችው። ጥጃ ቀንድ የለውም። የአንበሳ ደቦል ሲወለድ ነጠብጣብ አለው። የፈረስ ውርንጭላ እግር ከእናቱ እግር ብዙም አያጥርም፤ ለዚያ ነው ሁለመናው እግር የሚመስለው። ጨዋታውም ከማጣመር ወደ መደርደር ተለወጠ፦ መጀመሪያ የትኛው ነው? ቀጥሎስ? መጨረሻ ላይ ምን ሆነ? ለዶሮ እንቁላል፣ ጫጩት፣ ቄብ፣ ዶሮ። በእንቁላሉና በጫጩቷ መካከል ግን ልጆቹ 21 ጠጠር ይደረድራሉ፣ ለእያንዳንዱ የመታቀፊያ ቀን አንድ ጠጠር። የዝሆንን እርግዝና በጠጠር ለማሳየት ፈልገው ነበር። 22 ወር በቀን ተቆጥሮ ጠረጴዛው አይበቃም፤ ለወር አንድ ጠጠር ተደርጎ ተፈታ።

ሦስተኛው «እደግ፣ እደግ» የተባለው የሰውነት ጨዋታ ነው። ልጆቹ ተኮራምተው ይቀመጣሉ። መምህርቷ የእንስሳውን ልጅ ትጠራለች፤ ከበሮ ስትመታ ትንሽ በትንሽ ይነሣሉ፤ ከበሮው ሲቆም የደረሱበትን ያሳያሉ። ውርንጭላ በተጠራ ጊዜ ተንገዳግዶ መቆም ወዲያው ይጀመራል፤ ውርንጭላ በተወለደ በሰዓት አካባቢ ይቆማልና። ቡችላ ከሆነ ዓይን ተጨፍኖ ይቆያል፤ ቡችላ ዓይኑን የሚገልጠው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። በዚህ ጨዋታ ፍጻሜ ላይ መምህርቷ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ትጨምራለች፦ «የአህያ ውርንጭላ ከፈረሶች ጋር ቢያድግስ?» መጀመሪያ ላይ መልሱ ተከፋፈለ። በኋላ «አህያ!» የሚለው ጩኸት ከጎረቤት ክፍል ይሰማ ነበር።

አንድ ልጅ «በቅሎስ?» ብሎ ጠየቀ። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች የሚለውን ከቤት ሰምቶ የመጣ ልጅ ነበር። መምህርቷ አላለፈችውም። አባቷ አህያ፣ እናቷ ፈረስ መሆናቸውን፣ በቅሎም አብዛኛውን ጊዜ እንደማትወልድ በአጭሩ ነገረችው። ጠያቂው ረክቶ ሄደ፤ ለሌሎቹ ግን ነገሩ ገና ነበርና እንደ ትምህርት አልተያዘም።

አባጨጓሬው

ከሁሉም በላይ ያስቸገረን የቅርጽ ለውጥ ነበር። በአፉ ላይ ሻሽ በታሰረበት ሰፊ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ አንድ አባጨጓሬ ከተገኘበት ተክል ቅጠል ጋር ተቀመጠ። ብዙ ዓይነት አባጨጓሬዎች የሚመገቡት ጥቂት የተወሰኑ ተክሎችን ብቻ ስለሆነ፣ ቅጠሉ በየጊዜው ከዚያው ተክል ይቆረጥለት ነበር። ጠጉራም ያልሆነ መመረጡም በምክንያት ነው፤ የአንዳንዶቹ ጠጉር ቆዳን ያሳክካል፣ ያሳብጣል። ልጆቹ በማጉያ መነጽር ተመለከቱት፣ ሳሉት፣ ሲበላ ለመስማት ጆሯቸውን ጠርሙሱ ላይ ለጠፉ።

አባጨጓሬው ታዲያ ልጆቹ በሌሉበት የእረፍት ቀን ቅርፊት ሆነ (ቢራቢሮ ከመሆኑ በፊት በቅርፊት ተሸፍኖ የሚቆይበት ደረጃ ነው)። ሲመለሱ ያገኙት የማይንቀሳቀስ ቡናማ ነገር ነው። «ሞቷል፤ ይህን ሌላ ሰው ነው ያስገባው» አሉ። ከቀናት በኋላ ቢራቢሮ ስትወጣ ደስታው ከፍተኛ ነበር፤ ነገር ግን ተጠይቀው የሰጡት መልስ ሦስት የተለያዩ ፍጥረታት በተራ ወደ ጠርሙሱ መግባታቸውን የሚናገር ነበር። አባጨጓሬዋ የት ሄደች ለሚለው «ቢራቢሮዋ በላቻት» ያለም አለ። በዓይን የታየ ሁሉ ይገባል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላየሁም።

መፍትሔው ከጨዋታ መጣ። አንድ ልጅ የእጁ አንጓ ላይ ቀይ ሪባን ይታሰርለታል። በሆዱ እየተሳበ ቅጠል ይበላል፤ በአንሶላ ይጠቀለላል፤ እጁ ብቻ ከነሪባኑ በቀዳዳው ይታያል። ሌሎቹ ዙሪያውን ተቀምጠው «ማን ነው ያለው?» ይባላሉ፤ ስሙን ይጠራሉ። በመጨረሻ ክንፍ ታስሮለት ይወጣል፤ ሪባኑ አሁንም አንጓው ላይ ነው። ሁሉም ተራ እስኪደርሰው ድረስ ተደጋገመ። ከዚያ በኋላ የጠርሙሱን ፎቶግራፎች በቀን ቅደም ተከተል ሲያዩ አንዲት ልጅ ጣቷን ከፎቶ ፎቶ እያሻገረች «እሷው ናት፣ እሷው ናት፣ እሷው ናት» አለች። መምህርቷ ሁለተኛ አባጨጓሬ ስታመጣ ፎቶው በየቀኑ ተነሣ፤ ቅርፊት የሆነውም በትምህርት ቀን ስለነበር ብዙዎቹ አዩት።

አያቱ ጋ የሚኖረው ዝሆን

ይህ ክፍል በዕቅዱ ውስጥ አልነበረም። በአንዱ ጨዋታ ልጆቹ ግማሾቹ እናት፣ ግማሾቹ ግልገል ሆነው፣ ግልገሎቹ ወደየእናታቸው ይሮጣሉ። ትንሹን ዝሆን የያዘው ልጅ አልሮጠም። የክፍሉ ረዳት «እናትህ ያቻት» ስትለው፣ «እናቱ የለችም። አያቱ ጋ ነው የሚኖረው» አለ። «አይ፣ ግልገል ከእናቱ ጋር ነው» ብላ መለሰችለት። ልጁ ዝሆኑን ኪሱ ከተተና ከጨዋታው ወጣ።

ልጁ የሚያድገው ከአያቱ ጋር ነው። መምህርቷ አያቱን ለብቻቸው አነጋገረቻቸው። ልጁ ስለ እናቱ የሚያውቀውን በግልጽ ነገሯትና፣ «እሱ የሚያውቀውን እናንተም እወቁለት፤ ከዚያ በላይ ግን አታንሱበት» አሏት። ልመና የሚመስል ትእዛዝ ነበር፤ ተከበረም።

የተደረገው ለውጥ አንድ ጥያቄን በሌላ መተካት ነው። «እናቱ የት ናት?» ቀርቶ «ማን ያሳድገዋል?» ሆነ። ይህን ያደረግነው ልጁን ለማባበል ብቻ አይደለም፤ የእንስሳት ሕይወት ራሱ ያስገድዳል። የዝሆን ቤተሰብ የሚመራው በዕድሜ በገፋች እንስት ነው፤ ብዙ ጊዜ እሷ አያት ናት። ግልገሉን እናቱ ብቻ ሳትሆን አክስቶቹና እኅቶቹም ይጠብቁታል። በአንታርክቲካ የሚኖረው ትልቁ ፔንግዊን አባት እንቁላሉን እግሩ ላይ አስቀምጦ፣ ሳይበላ ሁለት ወር ገደማ በብርድ ይቆማል። የባሕር ፈረስ አባት ልጆቹን በሆዱ ከረጢት ይሸከማል። አዞ የተፈለፈሉ ልጆቿን በአፏ ይዛ ወደ ውኃ ታወርዳለች። የባሕር ኤሊ ልጆች ግን እናታቸውን አያገኟትም፤ እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ሄዳለችና ከተፈለፈሉ በኋላ ብቻቸውን ወደ ባሕር ይሄዳሉ። ስለዚህ ልጁ የሰጠው መልስ ከረዳቷ መልስ ይልቅ ለእውነታው የቀረበ ነበር። መምህርቷም ይህንኑ በክፍሉ ፊት፣ የእሱን ቤት ሳታነሣ፣ ስለ ዝሆኖች ብቻ ተናገረች። በሚቀጥለው ጨዋታ መሪዋን ዝሆን ለመሆን መጀመሪያ እጁን ያወጣው እሱ ነው።

ያልሠሩ ነገሮች

ዓይን ታስሮ በድምፅ እናትን መፈለግ በወረቀት ላይ ግሩም ሐሳብ ነበር። በግና ግልገሏ በመንጋ መካከል በድምፅና በሽታ ይተዋወቃሉና መሠረቱ ትክክል ነው። ሆኖም ሁለት ልጆች መሐረቡ ገና ዓይናቸው ላይ ሳይታሰር አለቀሱ። እናቶቹ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው ሲጮኹ፣ ፈላጊዎቹ ዓይናቸውን ሳይሸፍኑ ሲፈልጉ ነው የተሳካው።

ረዘም ያለ ቪዲዮ ልጆቹን ጸጥ አደረጋቸው፤ ሌላ ነገር አላደረገም። ብዙ ስም የታጨቀበት መዝሙርም እንዲሁ ነው፤ ዜማውን ሸመደዱት፣ ስሞቹን ግን እያቀያየሩ ይዘምሩ ነበር። የእንቁራሪት ካርድ እስከ መጨረሻው አስቸጋሪ ሆኖ ቀረ፤ በውኃ ውስጥ በስንጥቦች የሚተነፍሰውን ጭራማ እጭ ከዓሣ ጋር የሚያስቀምጡት ልጆች አሁንም ነበሩ። የኋላ እግሮቹ መጀመሪያ እንደሚወጡ የሚያሳይ ተከታታይ ሥዕል ጥቂቶቹን ረዳ፤ ሁሉንም አይደለም።

የእንስሳት ኮቴ ተከትሎ የመሄድ ጨዋታ ደግሞ ለሌላ ነገር ጠቀመን። መምህርቷ ከፊት እየሄደች ልጆቹ እንደ ዝይ ጫጩት ይከተሏታል። ኮንራድ ሎሬንዝ፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሳይንቲስቶች አንዱ የሆነው፣ የዝይ ጫጩቶች እንደተፈለፈሉ በቅርብ ያዩትን ተንቀሳቃሽ ነገር፣ ሰውንም ቢሆን፣ እንደ እናት ተከትለው እንደሚሄዱ አሳይቷል። ልጆቹ ይህን ታሪክ ሲሰሙ ክርክር አነሡ፦ ሰው የተከተለች ጫጩት ስታድግ ሰው ትሆናለች? አትሆንም፤ ዝይ ናት። ማን ወለደው የሚለውና ማን ያሳድገዋል የሚለው የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ያን ቀን ራሳቸው ተከራክረው ደረሱበት።

ምን ተለወጠ

ከመጨረሻው ሳምንት በኋላ መምህርቷ ያንኑ የድሮ ቅርጫት አውጥታ ሦስቱን ጥያቄዎች ደገመች። አህያ የፈረስ ልጅ ነው የሚል አልተገኘም። ድመቷን ከአንበሳው ጎን ያስቀመጠ ልጅ ነበር፤ ምክንያቱን ሲጠየቅ ግን «ዘመዱ ናት» አለ፤ ይህ ደግሞ እውነት ነው። ፈረስና አህያውን በመሐረብ ያለበሰችው ልጅ አህያውን አንሥታ ተመለከተችና «ይህ ትልቅ ነው፤ አድጓል» ብላ ውርንጭላ ፍለጋ ቅርጫቱን ገለበጠችው።

ለሌላ ክፍል የሚተርፈው

ወላጅና ልጅን በካርድ የሚያስተምር ሰው ካርዱን ከመዘርጋቱ በፊት አንድ ነገር ይመርምር፦ ልጁ ስለ እንስሳው ምንም ሳያውቅ መልሱን በዓይኑ ብቻ ሊያገኘው ይችላል? ከቻለ፣ ጨዋታው የሚለካው ሌላ ነገር ነው። «ሲያድግ ምን ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም አስቀድሞ ቢጠየቅ ብዙ ሳምንት ያተርፋል። የተሳሳተ መልስ ሲመጣ ደግሞ ማረሙ አይቸኩል፤ ስህተቱ ልጁ የሚያስብበትን መንገድ የሚያሳይ ብቸኛው መስኮት ሊሆን ይችላል።

በየክፍሉ ከእናቱ ጋር የማይኖር ልጅ ሊኖር እንደሚችል አስቀድሞ መታሰብ አለበት። «ማን ያሳድገዋል?» የሚለው ጥያቄ ማንንም አያገልልም፤ ለሳይንሱም የበለጠ ታማኝ ነው። ስለ ቤተሰቡ የሚነገረውን የሚወስነው ግን ቤተሰቡ ነው።

ከሕያው እንስሳ ጋር የሚሠራ ሁሉ ልጆቹ እንስሳውን ከነካኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ያስታጥብ፤ በተለይ ጫጩትና እንቁራሪት ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ሊያስተላልፉ ይችላሉ። ቢራቢሮዋም ክንፏ ደርቆ መብረር ስትችል ወደ ተገኘችበት ቦታ ትለቀቅ። ጠጠርና ትናንሽ የፕላስቲክ እንስሳት ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሰጡም፤ ሊታነቁባቸው ይችላሉ። ለእነሱ ሲባጎውን አዋቂ በግድግዳው ላይ አጥብቆ ለጥፎ፣ «እደግ፣ እደግ»ን ያለ ካርድ ማጫወት በቂ ነው።